ያለ ምግብ ሳምንታት፣ ያለ አየር ደቂቃዎች

(በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው ብዙም አልነካካሁትም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ጉዳይ እያለባችሁ ስለ ሴል ለመስማት መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። እማማ፣ እርስዎም ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፤ ድምፁ እዚህ ጋ ይሻላል።

በጥያቄ ልጀምር። ሰው ያለ ምግብ ስንት ጊዜ ይቆያል? ውኃ ካገኘ ሳምንታት ይቆያል። ያለ አየርስ? አዎ፣ ደቂቃዎች። አራት አምስት ደቂቃ ካለፈ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል። ሁለቱም ለሕይወት የግድ ናቸው እንላለን። ታዲያ ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል ሰፋ? አየሩ ውስጣችን ገብቶ ምን ቢሠራ ነው አምስት ደቂቃ እንኳን የማይታገሠን?

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ «ሚቶኮንድሪያ የሴል የኃይል ማመንጫ ነው» ብለው በአንድ ድምፅ ይመልሱልኛል። ጎበዞች ናቸው፤ ልክ ነው። «እሺ፣ ኦክስጅኑ እዚያ ደርሶ ምን ይሆናል?» ስላቸው ግን እጅ የሚያወጣ ይጠፋል። ዛሬ የመጣሁት ለዚህች ጥያቄ ስል ነው። የምንበላውም የምንተነፍሰውም ለአንድ ሥራ መሆኑን ሳታዩ ከዚህ ቤት እንድትወጡ አልፈልግም።

ሦስት ነገር እናያለን። መጀመሪያ፣ ሴል ያለ አየር ምን ያህል መሄድ እንደሚችል። ቀጥሎ፣ አየር ሲኖር ምን እንደሚሆን። ረጅሙ እሱ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ። በመጨረሻ ወደየቤታችን እንመለሳለን። ስለ ግሉኮስ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ከሰል አወራችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ፓሪስ ደርሰን እንምጣ። ጊዜው በ1782 እና በ1783 መካከል ያለው የብርድ ወራት ነው። አንትዋን ላቮዚየና ፒየር ሲሞን ላፕላስ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች አንዲት ጊኒ ፒግ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጡ። ጊኒ ፒግ ከአይጥ ከፍ የምትል፣ ጭራ የሌላት ለማዳ እንስሳ ናት። የሰውነቷ ሙቀት ስንት በረዶ እንዳቀለጠ መዘኑ። ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳስወጣችም ለኩ። ከዚያ ደግሞ ከሰል አነደዱ። ከሰሉ ያንኑ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያወጣ ስንት በረዶ ያቀልጣል? ሁለቱ ልኬቶች ተቀራረቡ። ላቮዚየ፣ መተንፈስ ዝግ ያለ ቃጠሎ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

እስቲ አስቡት! ከሰሉና እንስሳዋ አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ናቸው። ላቮዚየ በ1794 በአብዮቱ ጊዜ በጊሎቲን አንገቱ ተቀላ። ሐሳቡን ግን ማንም ሊገድለው አልቻለም። ለተከታዮቹ የቀረላቸው ጥያቄ ይህ ነበር። ውስጣችን ቃጠሎ ካለ እኛ ለምን አንቃጠልም? ስኳር ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ለዓመታት እንደተቀመጠ ይኖራል፤ በ37 ዲግሪ አይነድም። እኛ ውስጥ ሲገባ እንዴት ይነዳል?

መልሱ አጭር ነው። ሴል ስኳሩን በአንዴ አያነደውም። በትንሽ በትንሹ ይፈታዋል። ለእያንዳንዷ እርምጃ የራሷ ኢንዛይም፣ ማለትም ያን ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ አላት። ከየእርምጃው የሚወጣው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ሴሉን ሳያቃጥል ሊያዝ ይችላል። የሚያዘውም በመጨረሻ ኤቲፒ በምትባል ሞለኪውል ነው። ኤቲፒን በ1929 ያገኛት ካርል ሎማን የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን ያገኛትም ጡንቻ ውስጥ ነው። ፎስፌት የሚባሉ ሦስት ቁራጮች ተደርድረውባታል። የመጨረሻዋ ፎስፌት ስትለይ ሴሉ የሚሠራበት ኃይል ይገኛል። ጡንቻ ሲኮማተር፣ ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ፣ ሴል ፕሮቲን ሲገነባ ኤቲፒ ይፈልጋል። እንጀራውን በቀጥታ የሚጠቀም ጡንቻ የለም። ስኳሩም፣ ስቡም፣ ፕሮቲኑም መጀመሪያ ኤቲፒ ማሠራት አለበት።

አሁን የምናገረውን ያዙልኝ። ለመጀመሪያው ጥያቄያችን ግማሹ መልስ እዚህ አለ። በሰውነታችን ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ኤቲፒ በሙሉ ቢሰበሰብ ሩብ ኪሎ ቢሞላ ነው። በቀን የምንጠቀመው ግን የራሳችንን ክብደት ያህል ነው! እንዴት ይሆናል? ያቺው ኤቲፒ እየፈረሰች እንደገና እየተሠራች በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ትመላለሳለች። ስብ ይከማቻል። ስኳር ይከማቻል። ኤቲፒ ግን አይከማችም። መሠራቱ ከቆመ ወዲያው ያልቃል። በሙሉ ጉልበት የሚሮጥ ሰው ጡንቻ ውስጥ ያለው ኤቲፒ ብቻውን ቢሆን ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልሂድ። ያለ አየር ምን ያህል መሄድ ይቻላል?

ግሉኮስ ስድስት ካርቦን ያላት ስኳር ናት። ሴል ውስጥ ስትገባ በአሥር እርምጃ ለሁለት ትከፈላለች። ሁለት ባለ ሦስት ካርቦን ቁራጮች ይወጣሉ፤ ፓይሩቬት ይባላሉ። ይህ ሥራ ግላይኮሊሲስ ይባላል። ኦክስጅን አያስፈልገውም። ትርፉ ግን ከአንድ ግሉኮስ ሁለት ኤቲፒ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አንድ ችግር አለ። ስኳሩ ሲፈታ ከላዩ ላይ ኤሌክትሮን የሚባል፣ ኃይል የያዘ እጅግ ትንሽ ቅንጣት ይነሣል። ኤሌክትሮኑን ተሸክሞ የሚሄድ ናድ የሚባል ሞለኪውል አለ። ናድ ብዙ አይደለም። የተሸከመውን ካላራገፈ ሥራው ይቆማል። አየር ከሌለ የት ያራግፍ?

ይህን ሳስረዳ ሁልጊዜ አያቴ ትዝ ትለኛለች። አያቴ ጠላ ትጠምቅ ነበር። ጌሾውን ቀጥቅጣ በውኃ ትጠነስሳለች፤ ብቅሉን ታስፈጫለች፤ ቂጣውን ጋግራ ቆራርሳ ትጨምራለች። ድፍድፉ ሲደርስ ውኃ ሞልታ የጋኑን አፍ ትመርገዋለች። እኔ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር። ውስጡ ይንቦጫረቃል፤ አረፋው ሲፈነዳ ይሰማል። ድፍድፉ ውስጥ እጅ ሲገባ ለብ ያለ ነው። እሳት አልተጣደበትም፣ ፀሐይ አላገኘውም፤ ሙቀቱ ከየት መጣ? እርሾዎቹ ናቸው። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ሴሎች ስኳር እየፈቱ ነው። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጥላቸዋል። ጋኑ ስለተመረገ ውስጡ ኦክስጅን የለም። ስለዚህ ኤሌክትሮናቸውን ከፓይሩቬት በሚወጣው ቁራጭ ላይ ያራግፋሉ። የሚገኘው አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ምርጊቱ ቢፈርስስ? አየር ይገባል፤ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይነሡበታል፤ ጠላው ይኮመጥጣል። አያቴ ኦክስጅን የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ምርጊቱን ግን በየቀኑ እየዞረች ታይ ነበር፤ ሰንጠቅ ካለም ወዲያው ትደፍነዋለች።

ለብዙ ዘመን ይህ ሥራ ሕያው ሴል ካልኖረ አይሆንም ይባል ነበር። ታላቁ ሉዊ ፓስተርም ያለው ይህንኑ ነው። በ1897 ግን ኤድዋርድ ቡክነር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጨመቀው። በጭማቂው ውስጥ አንድም ሕያው ሴል የለም። ስኳር ሲጨምርበት ጭማቂው አረፋ ይደፍቅ ጀመር! ሥራውን የሚሠሩት ኢንዛይሞች መሆናቸው ታወቀ። የሕይወት ኬሚስትሪ በብርጭቆ ሊጠና የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ቡክነር በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የሚገባው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እርሾው ከስኳሩ ያገኘው ሁለት ኤቲፒ ብቻ ነው። የቀረው ኃይል የት ሄደ? አልኮሉ ውስጥ ተቀምጧል። ጠንካራ ካቲካላ ላይ ክብሪት ብትጭሩበት በሰማያዊ ነበልባል የሚነደው ለዚህ ነው። ያ ነበልባል እርሾው አየር በማጣቱ የተወው ኃይል ነው።

እኛስ? እኛ አልኮል አንሠራም። ጡንቻችን ኤሌክትሮኑን ፓይሩቬቱ ላይ ያራግፍና ላክቴት ይሠራል። የሲድኒን ኦሊምፒክ የምታስታውሱ ወላጆች አላችሁ። 2000 ዓ.ም.፣ 10 ሺህ ሜትር፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፖል ቴርጋት። ከ27 ደቂቃ በላይ ሮጠው የለያቸው የሰከንድ 9 መቶኛ ነበር! ሀገር ሙሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጮኋል። ያን ሁሉ ዙር የሮጡት በአብዛኛው በኦክስጅን ነው። መጨረሻ ላይ ሲፈተለኩ ግን ደም የሚያመጣው ኦክስጅን አይበቃም፤ ግላይኮሊሲስ ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ ላክቴት ይከማቻል። በዚያ ፍጥነት ማንም ሰው ብዙ መሄድ አይችልም። ላክቴት መርዝ ነው፣ በማግስቱ ሰውነት የሚያመው በእሱ ነው የሚሉ አሉ። እውነት አይደለም። ሰዓት ሳይሞላው አብዛኛው ከደም ይጸዳል። ልብ ራሱ ይመገበዋል፤ ጉበትም መልሶ ስኳር ያደርገዋል። የማግስቱ ሕመም የጡንቻው ጥቃቅን ጉዳት ነው።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው እንሂድ። አየር አለ። ምን ይሆናል?

ፓይሩቬቱ ወደ ሚቶኮንድሪያ ይገባል። ሚቶኮንድሪያ በአንድ ሴል ውስጥ በመቶ ወይም በሺህ ሊቆጠር ይችላል። የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ የምንወርሰውም ከእናት ብቻ ነው። በጥንት ዘመን ለብቻው የሚኖር ባክቴሪያ እንደነበረ ሳይንስ ይቀበላል። ይህ ራሱን የቻለ የአንድ ቀን ወሬ ነው፤ እንለፈው።

እዚያ ውስጥ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ካርቦኑ አንድ በአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ኤሌክትሮኑ በናድና በሌላ ተሸካሚ ይሰበሰባል። እርምጃዎቹ ዞረው መነሻቸው ላይ ስለሚገጥሙ ዑደት ይባላሉ፤ ይህን ዑደት የገለጠው ሀንስ ክሬብስ ነው። ክሬብስ አይሁዳዊ ሐኪም ነበር። ናዚዎች በ1933 ከፍራይቡርግ ሥራው አባረሩት፤ እንግሊዝ ገባ፤ ሼፊልድ ላይ ላቦራቶሪ አገኘ። በእርግብ የደረት ጡንቻ ነበር የሚሠራው። የእርግብ ደረት ለበረራ የተፈጠረ ስለሆነ ኦክስጅን በብዛት ይጠቀማል። በ1937 ግኝቱን ጽፎ ለታዋቂው ኔቸር መጽሔት ላከ። መጽሔቱ፣ የሚጠባበቁ ደብዳቤዎች በዝተውብናል ብሎ መለሰለት። ጽሑፉ በሌላ መጽሔት ወጣ። በ1953 ኖቤል ተሸለመ። ተማሪዎች፣ ለፈተና የምትሸመድዱት ዑደት ከሀገሩ የተባረረ ሰው በስደት ያገኘው መሆኑን እወቁለት።

እስካሁን የተገኘው ኤቲፒ ግን ገና ጥቂት ነው። አብዛኛው ኃይል ያለው በእነዚያ ኤሌክትሮኖች ውስጥ ነው። አሁን ወደ ዋናው ደረስን!

ሚቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው። በውስጠኛው ሽፋን ላይ ትልልቅ ፕሮቲኖች ተሰድረዋል። ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በተላለፈ ቁጥር ኃይሉን ይለቃል። ፕሮቲኖቹ በዚያ ኃይል ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ ውስጥ ወደ ውጭ ይገፋሉ። ፕሮቶን ማለት ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን ነው። ከሽፋኑ ውጭ ፕሮቶን ይበዛል፣ ውስጥ ያንሳል። ቆቃን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ግድቡ ውኃውን ወደ ላይ ሰብስቦ ይይዛል፣ ውኃው መውረድ ይፈልጋል፣ መውረጃው ግን ተርባይኑ ያለበት ብቻ ነው። ፕሮቶኖቹም ወደ ውስጥ መመለሻ በራቸው አንድ ነው፤ ኤቲፒ ሲንቴዝ የሚባል ፕሮቲን። በእሱ ውስጥ ሲያልፉ ያሽከረክሩታል። አዎ፣ በእውነት ይሽከረከራል! አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሦስት ኤቲፒ ይሠራል። በሰከንድ ከ100 ዙር በላይ መዞር ይችላል። በ1997 የጃፓን ተመራማሪዎች የሚያበራ ረጅም ክር አጣብቀውበት ሲዞር በማይክሮስኮፕ ቀርጸው አሳይተዋል። በዚያው ዓመት ፖል ቦየርና ጆን ዎከር በዚህ ፕሮቲን ላይ በሠሩት ሥራ ኖቤል ተሸለሙ። አሁን፣ እኔ ይህን እያወራሁ እናንተም እየሰማችሁ፣ ይህ ነገር በእያንዳንዳችን ውስጥ ለቁጥር በሚያዳግት ብዛት እየዞረ ነው።

የፕሮቶኑን ሐሳብ ያመጣው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ነው። በ1961 ሲያሳትመው ብዙዎች አልተቀበሉትም። ሁሉም የሚፈልጉት ኃይሉን የሚያስተላልፍ አንድ ልዩ ሞለኪውል ነበር። እሱ ሞለኪውሉ የለም፣ ያለው የፕሮቶን ልዩነት ነው አለ። ሚቸል ታመመና ኤድንብራ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቀቀ። ኮርንዎል ገጠር ውስጥ አንድ ያረጀ ትልቅ ቤት አሳደሰ። እዚያው ከባልደረባው ከጄኒፈር ሞይል ጋር የግል ላቦራቶሪ ከፍቶ ሙከራውን ቀጠለ። ማስረጃው ቀስ በቀስ ተከማቸ። በ1978 ኖቤሉን ብቻውን ወሰደ። ጄኒፈር ሞይል ሙከራዎቹን የሠራች ሰው ናትና ስሟ አብሮ ሊጠራ ይገባል። እኔ ክፍል ውስጥ ሳልጠራት አላልፍም።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ። ኦክስጅኑ የት አለ? ከሁሉም መጨረሻ ላይ! ኤሌክትሮኑ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ኃይሉን ከጨረሰ በኋላ የሚቀበለው ይፈልጋል። የሚቀበለው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኑን ተቀብሎ፣ ፕሮቶን ጨምሮ፣ ውኃ ይሆናል። ልብ በሉ፤ የምንስበው ኦክስጅን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ አይደለም የሚወጣው። ውኃ ነው የሚሆነው! በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የመጣው ከምግቡና ከውኃው ነው። ይህን ስናገር ተማሪዎች አያምኑኝም፤ መጽሐፋቸውን ይገልጣሉ። ግለጡ፤ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ሒሳቡን እዩት። ያለ አየር፣ ከአንድ ግሉኮስ ሁለት ኤቲፒ። ከአየር ጋር፣ 30 ገደማ። የድሮ መጻሕፍት 36 ወይም 38 ይላሉ፤ በኋላ በተሻለ ልኬት ወደ 30 እና 32 ወርዷል። የቀረው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ እሱ ነው 37 ዲግሪ ላይ የሚያቆየን።

ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልሱ እነሆ። ኦክስጅን ከሌለ የመጨረሻው ፕሮቲን ኤሌክትሮኑን የሚያስረክበው ያጣል። ከኋላው ያሉትም ይቆማሉ። ፕሮቶን የሚገፋ የለም። ኤቲፒ ሲንቴዙ መዞሩን ይተዋል። ኤቲፒ ደግሞ አይከማችም ብለናል። ኦክስጅንም አይከማችም። ቁጭ ብለን ስናርፍ እንኳ በደቂቃ ሩብ ሊትር ገደማ ኦክስጅን እንጠቀማለን፤ በደምና በሳንባ ያለው ለጥቂት ደቂቃ ነው። አንጎል የሰውነት ክብደት 2 በመቶ ሆኖ ከኃይሉ 20 በመቶውን ይወስዳል። ስለዚህ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ምግቡስ? ምግቡ ሞልቷል! የታፈነ ሰው ሰውነቱ ውስጥ የሳምንታት ስብ ይዞ ነው የሚሞተው።

ከዚህ ሳልወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በተለይ ለወጣቶች። ዲኤንፒ የሚባል ኬሚካል አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ፈንጂ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች በእሱ ሳቢያ ከሱ። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የማክሻ መድኃኒት ተብሎ ተሸጠ። የሚሠራው ነገር ፕሮቶኖቹን በጎን ማስገባት ነው፤ ግድቡን መንደል ማለት ነው። ምግቡ ይነዳል፣ ኤቲፒ አይሠራም፣ ኃይሉ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ሰው ይከሳል፤ መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ግን ከውስጡ እየጋለ ይሞታል። ማርከሻ የለውም። በ1938 እዚያ ታገደ። ዛሬም በኢንተርኔት የሚሸጡት አሉ። እባካችሁ፣ ልጆቼ፣ ቶሎ ታከሳለች የተባለችን ክኒን ሁሉ አትዋጡ!

ከከሳን አይቀር፣ ስብ ሲቀንስ የት ይሄዳል? በላብ? ስቲም ገብቶ አንድ ኪሎ ቀነስኩ የሚል ሰው የቀነሰው ውኃ ነው፤ ሲጠጣ ይመለሳል። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲነድ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 1.6 ኪሎው ውኃ ይሆናል። ይህን በ2014 አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች አስልተው አሳትመውታል። አብዛኛው የሚወጣው በአፍንጫና በአፍ ነው፤ በትንፋሽ!

ሦስተኛው ነጥብ፤ ቤታችን።

ድክም ሲለን ክሊኒክ ሄደን «ግሉኮስ ይሰካልኝ» እንላለን። ሐኪም ካዘዘው ያስፈልጋል፤ መብላት የማይችል፣ ፈሳሽ ያለቀበት፣ ስኳሩ የወረደበት ሰው አለ። መብላት ለሚችል ሰው ግን እናስላው። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለ። 200 ኪሎ ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ደህና ዳቦ ይበልጠዋል። ድካሙ ከደም ማነስ የመጣ ከሆነ ደግሞ ግሉኮሱ ምንም አይፈይድም። ብረት የጎደለው ሰው ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን ያንሰዋል። ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖችም ብረት ይፈልጋሉ። የቢ ቫይታሚኖችም እንዲሁ ናቸው። ራሳቸው ኃይል የላቸውም፤ ናድ የሚሠራው ግን ከቢ 3 ነው፤ ፓይሩቬቱም ዑደቱ ውስጥ የሚገባው ቢ 1 ሲኖር ነው። ድካም ከቆየባችሁ ተመርመሩ።

ጾምን በተመለከተ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም ሴሌ ምን ይበላል?» ብላኛለች። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ጉበት ወደ 100 ግራም ገደማ ስኳር በግላይኮጅን መልክ ያስቀምጣል። ሌሊቱንና ጠዋቱን እሱን እየለቀቀ አንጎልን ይመግባል። እያለቀ ሲሄድ ስብ ይነሣል። ስቡም በሁለት በሁለት ካርቦን እየተቆረጠ እዚያው ክሬብስ ዑደት ይገባል። ጾሙ ከረዘመ ጉበት ከስቡ ኬቶን ይሠራል፤ አንጎል በሱም መሥራት ይችላል። ለጤነኛ ሰው ሰውነቱ የተዘጋጀበት ነገር ነው። የስኳር ሕመም ኖሮት መድኃኒት የሚወስድ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ከጾም በፊት ሐኪሙን ያማክር። ረመዳንም ይሁን ዐቢይ ጾም፣ ይህ አይለወጥም።

ከሰሉን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምጨነቅበት ነው።

ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን ነው የኖርነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ። አንድ ማታ ጎረቤቶቻችን ከሰል ማንደጃውን ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል አስገቡት። በሩን ዘጉ፤ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ወተፉ። ማንደጃው ደጅ ቆይቶ ጭሱ ወጥቶለታል፤ ፍም ሆኗል። ሁላችንም «ጭሱ ከወጣለት ምንም አይል» ነው የምንለው። ሌሊት እናትየው ለሌላ ጉዳይ ተነሥታ ስትገባ ልጆቹን ብትጠራቸው አይመልሱም። ትልቁ ሊነሣ ይሞክራል፤ እግሩ አይታዘዝለትም። ጮኸች። አባቴ ሮጦ ገብቶ ሁለቱንም ጎትቶ ደጅ አወጣቸው። ያስመልሳቸው ነበር፤ ራሳቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ዳኑ። ሁሉም እንደዚያ አይድኑም። በየብርዱ ወራት ሬሳ የሚወጣባቸው ቤቶች አሉ።

ፍም ምን ያወጣል? ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታ የለውም። ቀለም የለውም። ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ሲገባ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ኦክስጅኑ መቀመጫ ያጣል። ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የሚቀመጥበት የመጨረሻው ፕሮቲን ላይ ይቀመጣል። ሁለት ቦታ ይመታናል። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሴሎቹ ግን ታፍነዋል። ኤቲፒ ሲያልቅ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ቀጥሎ ጉልበት ይከዳል። ብዙዎች በሩን ሊከፍቱ ተነሥተው በሩ ሥር የሚወድቁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። የከሰል ማንደጃ ይዛችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ፍም ቢሆንም አትተኙ። ቡና ስታፈሉም፣ ዝናብ ቢሆንም፣ ብርድ ቢሆንም፣ በርና መስኮት ይከፈት። ነፍሰ ጡር ካለች፣ ሕፃን ካለ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ መጀመሪያ ማንደጃውን አውጡ።

የታፈነ ሰው ካገኛችሁ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ግቡና ቶሎ ወደ ደጅ አውጡት። ወተት ልናጠጣው፣ ሎሚ ልናሸትተው ስትሉ ጊዜ አታጥፉ። ነቅቶ ቢያወራም ሆስፒታል ይሂድ። ተራ አየር እየተነፈሰ ከቆየ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ለመቀነስ አራት አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጡት ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ይቀንሳል። ኦክስጅኑ በብዛት ሲገባ ያን ጋዝ ከሄሞግሎቢኑ ላይ እየገፋ ያስለቅቀዋል። ኤሌክትሮኑ መድረሻ ያገኛል፤ ኤቲፒ ሲንቴዙም መዞር ይጀምራል።

አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ፤ ከልጆቹ እንጀምር።